ቁልፍና ብሎን በአንድ ገመድ

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የልኬት ደብተር ነው። ከፊት በኩል የደንበኞቼ ትከሻና ወገብ ተጽፎበታል፤ እኔ ከኋላ ጀመርኩ። ጻፊ ያለችኝ ልጃችን ናት። ትናንት ደውላ፣ «እማዬ፣ የአባዬን ነገር በየቀኑ ጻፊው፤ ምን እንደረሳ፣ ምን እንደተናገረ። ሐኪም ጋ ስንወስደው ይጠቅመናል» አለችኝ። «ምን የረሳው ነገር አለና ነው የምጽፈው?» ብላት ዝም አለች። የዚች ልጅ ዝምታ ከድሮም ከንግግሯ ይከብዳል።

ቃል ስለገባሁላት እጽፋለሁ። ስለሱ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ ግን ስለ ሞተሩ እጽፋለሁ።

ዛሬ ጀልባዎቹ ታሰሩ። በጉሙ ወራት ትንሽ ጀልባ ሰው አሳፍሮ አይሻገርም፣ የወደቡ ሕግ ነው። እስከ የካቲት ድረስ የባለጀልባ ሚስቶች ሁሉ ባል ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል እናያለን። የኔው ካፒቴን (ሰዉ ሁሉ ካፒቴን ነው የሚለው፣ እኔም ለምጄዋለሁ) ከሰዓት በኋላ ወርዶ የሞተሩን ውሃ አፈሰሰ።

ልጄ፣ አንቺ ለሞተር ግድ ኖሮሽ ስለማያውቅ ላስረዳሽ። የኛ ሞተር ገላውን የሚያቀዘቅዘው ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ነው። ሲጠፋ ውሃው ሆዱ ውስጥ ይቀራል። እዚህ ብርድ የሚባል ያን ያህል የለም። በዓመት ሁለት ሌሊት፣ ቢበዛ ሦስት፣ ውርጭ ይወርዳል፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። ክፋቱም እሱ ነው። ሁልጊዜ በሚበርድበት ያለ ሰው ሁልጊዜ ይጠነቀቃል፣ እኛ እንዘነጋለን። ሆድ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጥና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። አምና የባለ ነጩ ጀልባ ሞተር በአንድ ሌሊት እንደ ገንቦ ለሁለት ተከፈለ። ሰውዬው አሁን በሌላ ሰው ጀልባ ላይ ገመድ ይስባል።

ስለዚህ ካፒቴኔ ከሞተሩ ሆድ ሥር ያለችውን ብሎን ይፈታል፣ ውሃው ይወርዳል። ከዚያ ብሎኗን ከማስነሻ ቁልፉ ጋር በአንድ ገመድ አስሮ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ይሰቅላታል። ብሎን ከቁልፍ ጋር ካለች ሞተሩ ባዶ ነው፣ ተኝተን እናድራለን። ቁልፍ ብቻውን ከተሰቀለ ውሃ አለው። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። «እኔ ብረሳ ሚስማሩ ይነግረኛል» ይላል።

ዛሬም ሰቀላት። ሁለቱ ሲነካኩ ትንሽ ጭል ይላሉ። ደስ ይላል።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ጠዋት በጉሙ ውስጥ የሞተር ድምፅ። የኛ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ሳል አለው። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ሮጥኩ። ካፒቴኑ መሪው ላይ ተቀምጧል፣ ጀልባዋ ግን እንደታሰረች ናት። «ምን እያደረግክ ነው?» ብለው «ላናግረው ብዬ» አለ።

ብሎኗን መልሶ ገጥሟት፣ ሞተሩን ውሃ ሞልቶታል። እንደገና አፈሰስን። ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። ሥራ የለመደ ሰው።

ሦስት ቀሚስ ይጠብቀኛል።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ባለ ጋራዡ መጣ። ሥራ በጨረሰ ቁጥር «ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት» ስለሚል ስሙ ጠበቅ ሆኖ ቀርቷል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

«እትዬ፣ ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም» አለኝ። «ቀዳዳው ደለል ይይዝና ውሃ አልቆ ሳይሆን ተዘግቶ ዝም ይላል። እርስዎ ባዶ ነው ብለው ይተኛሉ፣ እሱ ሆዱን ይዞ ያድራል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አምፖል። ከሽፋኑ ሥር አንድ ትንሽ አምፖል አብርተው ያሳድሩት። ሞተር እንደ ጫጩት ነው፣ መብራት ይበቃዋል።»

ከማረፊያው ምሰሶ ላይ ገመድ ስቦ አምፖሏን አንጠለጠለልን። ካፒቴኑ መፍቻ እያቀበለው፣ እየቀለደበት፣ ጥሩ ቀን ነበር። ጠበቅ ሲሄድ ካፒቴኔ እጁን ጨብጦ «አባትህን ሰላም በልልኝ» አለው። የጠበቅ አባት ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው፣ ሬሳቸውን በዚችው ጀልባ ያሻገረው ራሱ ካፒቴኑ ነው። ጠበቅ እኔን አየኝ።

ቀልዱን ነው።

አሁን ከስፌት መኪናዬ ፊት ሆኜ በመስኮቱ ስመለከት ጉሙ ውስጥ አንዲት ቢጫ ነጥብ አለች። ጀልባዋም ማረፊያውም አይታይም፣ ነጥቧ ብቻ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ትንሽ ቤት ያለን፣ እዚያም አንዲት ሴት ተቀምጣ የምትሰፋ ይመስለኛል።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ለሞተሩ ብርድ ልብስ ልሰፋለት ነው። ዛሬ ሜትሬን ይዤ ወርጄ ለካሁት። ልኩን እንደ ደንበኛ ልጻፈው፦ ወገብ መቶ ሠላሳ ሁለት። ቁመት ስድሳ አራት። ደረት የለውም፣ ትከሻው ወጣ ብሎ የግራው ከቀኙ ይበልጣል። አንገቱ ላይ ቧንቧ ስላለ ክፍት ይተው።

ከሽፋኑ ሥር ገብቼ ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ። የአምፖሏ ሙቀት፣ የአሮጌ ዘይት ሽታ፣ ውሃው የጀልባዋን እንጨት ከሥር እየላሰ ሲያልፍ። ካፒቴኑን ያገባሁት ዓመት ልብሱ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ ሳጥብ ቆይቼ ቆይቼ ሽታው ሲለቅ ከፋኝ። አሁን እዚያ ሆኜ ያ ሁሉ ሽታ እዚህ ገብቶ የተቀመጠ መሰለኝ። ሞተሩ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ሞቅ ብሏል። ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር መሰለኝ፣ ባዶ ጀልባ እኔን ይዛ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ማዶ ደርሳ ስትመለስ አየሁ።

ጠበቅ ከላይ ሆኖ፣ «እትዬ! ሞተሩን ሊድሩት ነው እንዴ የሚለኩት?» ብሎ አስደነገጠኝ።

«አዎ፣ አንተ ሚዜ ሁንለት» አልኩት።

ቁርጥራጭ ጨርቅ አለኝ፦ የተማሪ ሰማያዊ፣ የመጋረጃ አረንጓዴ፣ የሙሽራ ገበር። መሃሉን ጥጥ፣ ላዩን ሸራ። አንድ ብርድ ልብስ አንድ ወር ይፈጅብኛል ብዬ እፈራለሁ፣ ማታ ማታ ብቻ ነው የምሰፋው።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ብሎኗ ጠፋች። ግማሽ ቀን ፈለግን። ስኳሩ ጣሳ ውስጥ ተገኘች። እኔው ሳልሆን አልቀርም ያስቀመጥኳት፣ እጄ ሥራ ላይ ሲሆን የማደርገውን አላውቅም።

አምፖሏም ጠፍታ አገኘኋት። ካፒቴኑ ነቅሏት ነው። «ሰው በሌለበት መብራት አይበራም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይሄ ድሮም ጸባዩ ነው።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

የወደቡ ጸሐፊ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ጥሩ ሴት ናት፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። መርፌ አፌ ውስጥ እንዳለ ሁለት ነገር ነገረችኝ።

አንደኛው፣ በማረፊያው ላይ የመብራት ገመድ መሳብ ተከልክሏል፤ ውሃና ኤሌክትሪክ ነው፣ ነገ ይነቀላል።

ሁለተኛው፣ ዘንድሮ የመንጃ ፈቃድ እንዲሁ ማኅተም ተመትቶ አይታደስም። ነጂው ራሱ ቀርቦ ጥያቄ ይመልሳል።

«ካፒቴኑ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቶ ምን ይጠየቃል?» አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለች ዝቅ ብላ። «ጀልባዎቹ ከመታሰራቸው በፊት የተባለ ነገር ስላለ ነው። ተሳፋሪዎቹን ማዶ አድርሶ ሳያወርዳቸው ይዟቸው ተመለሰ አሉ። በሁለት የተለያየ ቀን። በየቀኑ የሚሻገሩት አስተማሪዎች እየሳቁ ነው ያወሩት፣ ግን…»

«ቀልዱን ነዋ!» አልኩ። «ሰው ሲጨናነቅ አይወድም፣ ሊያዝናናቸው ነው።»

«እሺ» አለች። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። «ክንዴ ላይ ጠበቅ አድርገውብኛል።»

ፈታሁላት። ከሄደች በኋላ ልኬቱን ሳየው ሦስት ሴንቲ አጥብቤያለሁ። ሃያ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

ስለ ሞተሩ፦ ባዶ ነው። ብሎንና ቁልፍ ተሰቅለዋል።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ውርጭ ወረደ! የመጀመሪያው። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ሣሩ ሁሉ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነጭ ሆኗል፣ የጀልባዎቹ ገመድ እንደ ሸንበቆ ደርቋል። ሐይቁ ይጨሳል። ሰው ሁሉ እየወጣ ያየዋል፣ ልብስ ማስጫ ላይ የረሳሁት የካፒቴኑ ሸሚዝ ደርቆ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሁለታችን በሳቅ ሞትን። «ና ግባ፣ ብርድ መታህ» እያለ ይዞት ገባ።

ሞተሩ ባዶ ስለነበር ምንም አልሆነም። ሚስማሩን ሦስት ጊዜ አየሁት።

በሦስት ሰዓት ፀሐይ ወጣችና ምንም ያልነበረ ሆነ። ማን ያምናል?

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የሚያምር ነበር። ካፒቴኔ ጨርቅ የማሰምርበትን የስፌት ኖራዬን አንስቶ የዘረጋሁት የገበር ጨርቅ ላይ ሐይቁን ሣለው። «አንቺዬ፣ ነይ ላሳይሽ» አለኝ። «ከማረፊያው ስትወጪ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ተሰበረው ምሰሶ ያዥ። ምሰሶው በቀኝሽ ሲሆን ነጩ ቤት ይታይሻል። እሱን ተከተይ እንጂ አቋራጩን አትመኚ፤ እዚህ ጋ…» ኖራውን ጫን አደረገ፣ «እዚህ ጋ ከሥር ድንጋይ አለ። ውሃ ሲቀንስ ተነስቶ ይጠብቃል።»

ከጎኑ ተቀምጬ ሳደምጠው ሐይቁ ጨርቁ ላይ የሚነቃነቅ መሰለኝ። የነፋሱን ሰዓት፣ ማዕበሉ በጎን ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ሞተሩ ሲያስል ስንት መቁጠር እንዳለብኝ፣ አንድ ሳይቀር ነገረኝ። እኔም ስንት ዓመት ከጎኑ ሆኜ መሪ ይዤለታለሁና አብዛኛውን አውቀዋለሁ፤ ግን አላቋረጥኩትም።

ልጄ፣ የሚረሳ ሰው እንዲህ ያስረዳል? ይህን ለሐኪሙ አንብቢለት።

ከዚያ ኖራውን አስቀመጠና «አሁን ይሄ ቀሚስ የማነው?» አለኝ።

ጨርቁን አልቆረጥኩትም። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ለደንበኛዋ ሌላ እገዛለሁ።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ብርድ ልብሱ አለቀ። ሞተሩ ሲለብሰው ልክክ አለ። ጠበቅ ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ «እኔ ቤትም እንዲህ ያለ የለም፣ ሚስቴ እንዳታየው» አለ።

ካፒቴኑ ትናንትም ዛሬም አስነስቶት ነበር። ብሎኗን ይገጥማል፣ ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ ቁልፉን ብቻውን ይሰቅላል። እኔ ደግሞ ማታ ወርጄ እፈታና እመልሳታለሁ። አልነግረውም። ምን ብዬ? ቁልፉን ብደብቀው ቀላል ነበር። ግን የደበቅኩ ዕለት «ለምን ደበቅሽው?» ይለኛል፣ ያን ጊዜ መልስ ያስፈልጋል።

በየካቲት ጉሙ ሲነሳ ምን ልንሆን ነው? ጸሐፊዋ ትጠይቀዋለች። ወይ ይመልሳል፣ ሰው ይዞ ይወጣል። ወይ አይመልስም፣ ሰው ፊት።

ዛሬ ጠዋት ልብስ እየተኮስኩ አንድ ሐሳብ መጣ። ሞተሩ ቢሰነጠቅ ማንም ለማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም። ጀልባ የለም፣ አለቀ። የውርጭ ሥራ ነው ይባላል።

ካውያውን አነሳሁት። ጨርቁ ሊቃጠል ነበር።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ሬዲዮ ዛሬ ሌሊት ውርጭ ነው አለ፣ ከባድ። ሚስማሩን አየሁ። ቁልፍና ብሎን አብረው ናቸው። ተመስገን። እሱም በጊዜ ተኛ።

የስፌት መኪናዬ እግር ዛሬ ይንቀጠቀጣል። ስረግጠው ጠረጴዛው ይዋልላል። አጎንብሼ አየሁ። ከእግሩ አንድ ብሎን የለም።

ሚስማሩ ጋ ሄጄ በደንብ አየሁት።

የኔ ነው። የስፌት መኪናዬ ብሎን ነው የተሰቀለው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። እጅጌ እየሰፋሁ ነው።

ታኅሣሥ 23፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሱ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ ሁሉንም ልጻፈው።

ካፒቴኔ ትናንት ሞተሩን አስነስቶ ብሎኗን እዚያው ትቷት መጥቷል። ቁልፉን ሊሰቅል ሲል አንድ ነገር እንደጎደለ ገብቶታል። ከቁልፍ ጋር ብሎን መኖር እንዳለበት ያውቃል፤ የትኛዋ ብሎን እንደሆነች ነው… እና ዓይኑ ፊት ያገኛትን ፈታ። ተጠንቅቆ ነው። ገመዱን ራሱ በሚያስረው አስተሳሰር ነው ያሰራት።

ማረፊያው ከቤታችን በር ሃምሳ እርምጃ ነው። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ተቀመጥኩ። አንዱን እጅጌ ጨረስኩ። ሌላውን ጀመርኩ፣ እሱንም ጨረስኩ። አዝራር ተከልኩ። ደክሞኝ ነው፣ ብርዱን ፈርቼ ነው፣ ልል ነበር። ለራሴ ደብተር ለምን እዋሻለሁ? ውርጩ እንዲናገርልኝ ነበር የተቀመጥኩት።

ከዚያ ጋደም አልኩ። እሱ ተኝቷል። እጁን ይዤ ስመለከት ከጥፍሩ ሥር የሞተር ዘይት አለ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሚታጠበው፣ የማይለቀው። ብርድ ልብሱን ወደኔ እየገፋ፣ «ልበሽ፣ ይበርድሻል» አለ በእንቅልፍ ልቡ።

ተነሳሁ። ሊነጋጋ ሲል ነበር። መፍቻ ያዝኩ፣ ወስፌዬንም ምን እንደታየኝ እንጃ ኪሴ ከተትኩ። መንገዱ ላይ ጫማዬ ስብር ስብር የሚል ነገር ይረግጣል፣ ጭቃው ሁሉ መስታወት ሆኗል። ሰው የለም፣ ድምፅ የለም፣ ሐይቁ ነጭ ትንፋሽ ብቻ ነው። ያለሁት ሕልም ውስጥ ይሁን ውጭ አላውቅም ነበር።

ሽፋኑን ከፈትኩ፣ ብርድ ልብሱን ከሥር ገለጥኩ፣ ብሎኗን ፈታሁ። ምንም የለም። አንድ ጠብታ የለም።  ቀዳዳውን በወስፌ ወጋሁት፣ ይንሸራተታል።

«ሽቅብ አትውጊው» የሚል ድምፅ ከኋላዬ። ካፒቴኔ። በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርቱን ደርቦ፣ ባትሪ ይዞ። «ወደ ጎን አዙሪው። ቀስ። እንደ አዝራር ቀዳዳ።»

ወደ ጎን አዞርኩት። መጀመሪያ ጥቁር ደለል ወጣ፣ ቀጥሎ የበረዶ ፍርፋሪ፣ እንደ ጨው። ከዚያ ውሃው በቀጭኑ መጣ፣ እየወፈረ፣ እየወፈረ። ሁለታችን ተንበርክከን በባትሪ ብርሃን ውሃ ሲወርድ እናያለን። መዳፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ።

«ብሎኗን ሳይፈታ የሄደ ማነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ረስቼው።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አይዞሽ። ሰው ይረሳል።»

ጥር 1፣ ረቡዕ

ጠበቅ በመስታወትና በባትሪ ጎኑን ሁሉ ፈተሸው። ከውጭ ስንጥቅ አይታይም። «የውስጡ ግን የሚታወቀው ሲነሳ ብቻ ነው» አለ። «ውሃና ዘይት ከተቀላቀሉ ዘይቱ ወተት ይመስላል። አሁን አናስነሳውም፣ ሌላ ውርጭ ሊኖር ይችላል። በየካቲት ጠዋት እናየዋለን።»

«የማይሆን ከሆነስ?»

«ያን ጊዜ እኔ አላጠብቀውም፣ እርስዎ ይቀብሩታል። ብርድ ልብሱ ግን ጠቅሞታል እትዬ፤ ራቁቱን ቢሆን ኖሮ ከመሃሉ በተበተነ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ቀንሶ፣ «እንዴት ግን ሞልቶ አደረ?»

«ረሳሁት አልኩህ።»

«እርስዎ አንድ መርፌ ከጠፋዎት ምንጣፍ የሚያነሱ ሰው?»

የስፌት መኪናዬ እግር ላልቷል አልኩት። እሱም ሌላ አልጠየቀም። የመኪናዬን እግር አጥብቆልኝ ሄደ።

ጉሙ እስኪነሳ አርባ ቀን ያህል አለ። በየቀኑ ወተት ሳፈላ አስባለሁ።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ነገርኩት።

ምሳ በልተን ነበር። ሚስማሩ ላይ ቁልፉ የለም፣ ኪሱን ፈተሽኩ፣ መሳቢያውን ፈተሽኩ፣ ከትራሱ ሥርም። እሱ ተቀምጦ በዓይኑ ይከተለኛል። ሲደክመኝ ከፊቱ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ካፒቴን፣ ዘንድሮ ጀልባዋን የምነዳት እኔ ነኝ» አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ነው። «አንተ ከኔ ጋር ትሆናለህ። መሪው ላይ ግን እኔ ነኝ።»

 ውጭ የሰው ጫማ አለፈ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ይረሳዋል። ሦስቱንም ፈርቼ ነበር።

«ታዲያ» አለ፣ «ቁልፉን እኔ ጋ ምን ትፈልጊዋለሽ?»

እና አመለከተኝ። አንገቴ ላይ። ጠዋት ከሜትሬ ጋር አብሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ኖሯል።

ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ እኔ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። በኋላ ሳቅ አልነበረም።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ፈተና ተፈተንኩ። ጸሐፊዋና አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው የጠየቁኝ። «ከማረፊያው ሲወጡ ምንን ይዘው ይሄዳሉ?» አሉ።

ከቦርሳዬ ጨርቁን አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ድንጋዩ ያለበትን በጣታቸው ነክተው «ይሄ በመንግሥት ካርታ ላይ የለም» አሉ።

«በካፒቴኑ ካርታ ላይ አለ» አልኩ።

ፈቃዱ ላይ ስሜን እየጠሩ ሲጽፉት ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ጸሐፊዋ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። ቀሚሱን ለብሳዋለች። ክንዷ ላይ አሁን ልኳ ነው።

ልጄ ጋ ደውዬ ስነግራት «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ያ ዝምታዋ መጣ። «የአባዬንስ ጻፍሽልኝ?»

«ስለ ሞተሩ ጽፌያለሁ» አልኳት። «ስትመጪ አንብቢው። ከኋላ ነው የሚጀምረው።»

የካቲት 11፣ ሰኞ

ጉሙ ተነሳ። እንዲህ ያለ ጠዋት አይቼ አላውቅም፣ ሐይቁ አንድም እጥፋት የለውም።

ጠበቅ ቀድሞን ደርሷል። ብርድ ልብሱን ገፈፍን። ብሎኗን ከገመዱ ፈትቼ ራሴ ገጠምኳት፣ ጠበቅ «ጠበቅ አድርገው ይያዙት!» አለ፣ ሦስታችንም ሳቅን። ቁልፉን አዞርኩ። አሳለ፣ አሳለ። እንደተባልኩት እስከ ሰባት ቆጠርኩ። ተነሳ።

ዐሥር ደቂቃ አሠራነው። ከዚያ ጠበቅ የዘይት መለኪያውን መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገውና ጨርቁን ወደ ፀሐይ ያዘው።  እኔ መሪውን ይዤ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

«እትዬ፣ ይዩት እንጂ።»

ማር ይመስላል። ንጹሕ ማር።

አሥራ አንድ ሰው ተሳፈረ። አስተማሪዎቹ ሲያዩኝ እርስ በርሳቸው ተያዩና ተቀመጡ። ካፒቴኔ ካፖርቱን ለብሶ ከፊት ካለው አግዳሚ፣ ከኔ ክንድ ርቀት ላይ ነው። አፍንጫዋን ወደ ተሰበረው ምሰሶ ያዝኩ። ምሰሶው በቀኜ አለፈ። ነጩ ቤት ብቅ አለ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ እሱ ሳይዞር ግራ እጁን ትንሽ ከፍ አደረገ፣ እኔም ራቅ አልኩ። ውሃው ሥር ጥቁር ጥላ በጎናችን አለፈ። ማንም አላየው።

መሃል ላይ ስንደርስ ወደኔ ዞረ። ፊቱ ረጋ ያለ ነው፣ ፀሐይ አርፋበታለች። ጎንበስ ብሎ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው በአክብሮት፣

«ይቅርታ እመቤት» አለኝ። «ዛሬ የሚነዳው ማነው?»

ሞተሩ ይመታል። አሥራ አንድ ሰው አለ።

«ሚስትዎ ናት» አልኩት።

«እሷ ከሆነች ደህና ነን» አለና ወደ ውሃው ዞረ።

ማዶ ደርሰን አንድ በአንድ አወረድኳቸው። አስተማሪዎቹ አመስግነውኝ ሄዱ።

ማታ ልጄ እየመጣች ነው፣ ደብተሩን እሰጣታለሁ። ሁለት ቦታ «ቀልዱን ነው» ብዬ የጻፍኩትን ልሰርዘው ብዬ እርሳስ አንስቼ ነበር። ተውኩት። እንዳለ ታንብበው። ዛሬ ግን አልቀለደም።